«ሙለር» የተሰኘው የጀርመን የቤተሰብ ስም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀርመንኛ የሚማሩ፣ በጀርመን አገር የሚኖሩ ወይም ስሙን በእግር ኳስ በኩል ያወቁ አንባቢዎች ስለ «ሙለር» ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሙለር» ማለት ምን ማለት ነው?

«ሙለር» (በጀርመንኛ አጻጻፍ Müller) ከሙያ የተገኘ ስም ነው። ትርጉሙም እህል እየፈጨ የሚተዳደር ሰው፣ ባለወፍጮ ማለት ነው። በአማርኛ «ፈጪ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን መጅ ይዛ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ሴትን ስለሚያስታውሰን ለዚህ ስም በቂ ትርጉም ሊሆን አይችልም፤ ጀርመናዊው ሙለር የሚሠራው በክንዱ ሳይሆን ወንዝ ወይም ነፋስ በሚያዞረው ትልቅ ድንጋይ ነበር። ባለወፍጮ ስንልም የግድ የወፍጮው ባለቤት ነበር ማለታችን አይደለም። በብዙ ቦታ ወፍጮው የባላባቱ፣ የገዳሙ ወይም የከተማው ንብረት ሲሆን፣ ሙለሩ በየዓመቱ ግብር እየከፈለ የሚሠራበት ተከራይ ነበር።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከላቲን ነው። በላቲን «ሞሌሬ» መፍጨት፣ «ሞላ» የወፍጮ ድንጋይ፣ «ሞሊና» ደግሞ ወፍጮ ማለት ሲሆን፣ የወፍጮው ሠራተኛ «ሞሊናሪዩስ» ይባል ነበር። የውሃ ወፍጮን ወደ ራይን ወንዝ አካባቢ ያመጡት ሮማውያን ስለነበሩ ዕቃው ከነስሙ ወደ ጀርመንኛ ገባ። በጥንታዊው ጀርመንኛ «ሙሊናሪ» የነበረው ቃል በመካከለኛው ዘመን «ሙልነር» ሆነ፤ ከዚያም «ል» እና «ን» ተዋሕደው «ል» ጠበቀና «ሙለር» የሚለው የዛሬው ቅርጽ ተገኘ። ጀርመኖች ከሮማውያን በፊት ለእጅ ወፍጮ የራሳቸው የሆነ «ክቪርን» የሚል ቃል ነበራቸው። ይህ ቃል ከዕለት ንግግር ቢጠፋም እንደ «ክቪርንባኽ» ባሉ የቦታ ስሞች ውስጥ ዛሬም አለ። «ባኽ» ጅረት ማለት ስለሆነ፣ የመንደሩ ስም የወፍጮ ጅረት እንደማለት ነው።

ስሙ የሚያመለክተው የእህል ወፍጮን ብቻ ነው?

በአብዛኛው አዎን፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይደለም። በጀርመን ምድር ውሃ የሚያዞረው መንኰራኵር እህል ብቻ አልነበረም የሚፈጨው። እንጨት ይሰነጥቅ፣ የሱፍ ጨርቅ ይወቅጥ፣ ዘይት ይጨምቅ ስለነበር እነዚህን ሥራዎች የሚመራው ሰውም በዚያው ስም ይጠራ ነበር። ልዩነቱን የሚገልጡት ጥምር ስሞች ዛሬም በሕይወት ያሉ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። «ዜግሙለር» በውሃ ኃይል የሚሠራ መጋዝ የነበረው ሰው ነው፤ «ቫልክሙለር» የሱፍ ጨርቅ እየወቀጠ የሚያጠብቅ፣ «ኦልሙለር» ዘይት የሚያወጣ፣ «ፑልፈርሙለር» ባሩድ የሚፈጭ ነበር። «ሎሙለር» የሚለው ስም ደግሞ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት የሚፈጨውን ሰው ያመለክታል።

ሌሎቹ ጥምር ስሞች ወፍጮው የቆመበትን ቦታ ወይም ዓይነቱን ይናገራሉ። በአንድ ጅረት ላይ ሁለት ወፍጮዎች ቢኖሩ የላይኛው «ኦበርሙለር»፣ የታችኛው «ኒደርሙለር»፣ አዲስ የተሠራው «ኖይሙለር» ይባል ነበር። «ቪንትሙለር» በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ያለው ሰው ሲሆን፣ ፈጣን ጅረት በማይገኝበት በሰሜኑ ሜዳማ አገር የነፋስ ወፍጮ ዋነኛ ነበር።

በየመንደሩ አንድ ባለወፍጮ ብቻ ከነበረ፣ ስሙ እንዴት እንዲህ ሊበዛ ቻለ?

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ አብዛኛው ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። ብዙዎች «ሙለር የበዛው ባለወፍጮዎች ብዙ ስለነበሩ ነው» ይላሉ። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ የጀርመን ተራ ቁጥር አንድ ስም «ባወር»፣ ማለትም ገበሬ፣ በሆነ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ገበሬ ነበርና።

የቤተሰብ ስም የወጣው ሰውን ከሰው ለመለየት ነው። አርባ ቤቶች ያሉበትን መንደር እናስብ። ግብር የሚሰበስበው ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ ሲቀመጥ አምስት ሐንስ ይቀርቡለታል። ሁሉም ያርሳሉ፤ ስለዚህ «ሐንስ ገበሬው» ብሎ ቢጽፍ ማንን እንደጻፈ በሚቀጥለው ዓመት ራሱም አያውቀውም። አንዱን በጠጕሩ ቅላት፣ ሌላውን በድልድዩ አጠገብ በመኖሩ፣ ሦስተኛውን በመጣበት መንደር ስም ይለየዋል። ወንዙ ዳር የሚኖረውን ግን ለመለየት ምንም አይቸገርም፤ «ሐንስ ሙለር» ካለ በቂ ነው፤ በዚያ መንደር ሁለተኛ ባለወፍጮ የለምና። ይኸው ነገር በሚቀጥለው መንደር፣ ከዚያም በሚቀጥለው ይደገማል። በየቦታው አንድ ብቻ መሆኑ ነው ስሙን በየቦታው እንዲወጣ ያደረገው።

የቀጥቃጩ ስም «ሽሚት» በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማረሻ የሚስልና በፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ሰው በየመንደሩ አንድ ይበቃል። በትልልቅ ከተሞች ግን ዳቦ ጋጋሪ ወይም ጫማ ሰፊ በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ስለነበረ የሙያ ስም ብቻውን ሰውን ለመለየት አይበቃም ነበር።

የቤተሰብ ስም በጀርመን መቼ ተጀመረ? መቼስ ቋሚ ሆነ?

ከ12ኛው ክፍለ ዘመን በፊት አብዛኛው ሰው በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። ከተሞች እየሰፉ፣ ዮሐንስ፣ ሃይንሪሽ እና ኮንራድ የሚሉት ጥቂት ስሞች እየተደጋገሙ ሲሄዱ፣ ውል የሚጽፉና ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ተጨማሪ መለያ አስፈለጋቸው። መለያው በመጀመሪያ የግለሰቡ ብቻ ነበር፤ አባት «ሙለር» ቢባል፣ ልብስ ሰፊ የሆነው ልጁ «ሽናይደር» ሊባል ይችል ነበር። ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀመረ፤ ወፍጮ ገብቶ የማያውቅ የልጅ ልጅም «ሙለር» እየተባለ ቀረ።

ሒደቱ በሁሉም ቦታ እኩል አልሄደም። በሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ኦስትፍሪስላንድ ሰዎች እንደ እኛ በአባታቸው ስም ይጠሩ የነበሩ ሲሆን፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የታዘዙት በናፖሊዮን አገዛዝ ዘመን፣ በ1811 ነው። አጻጻፉም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የቄሱና የጸሐፊው ፈቃድ ነበር። አንድ ሰው ሲጠመቅ «ሙልነር»፣ ሲያገባ «ሙለር»፣ ሲሞት «ሚለር» ተብሎ ሊመዘገብ ይችል ነበር። ይህ ልማድ በሕግ የቆመው የመንግሥት የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤቶች ከጥር 1 ቀን 1876 ጀምሮ በመላው የጀርመን ግዛት ሥራ ሲጀምሩ ነው።

ባለወፍጮ በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር?

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለውም፤ ወፍጮውና ባለወፍጮው በሕዝቡ ዓይን እኩል አልነበሩምና።

ወፍጮው እጅግ የተጠበቀ ቦታ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ዛክሰንሽፒግል» የተሰኘው የሳክሶኖች የሕግ መጽሐፍ፣ ወፍጮ የዘረፈን ሰው ቤተ ክርስቲያን ከዘረፈው ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦ በመንኰራኵር ተሰባብሮ እንዲሞት ይፈርድበታል። መንደሩ የሚበላው ከዚያ ስለሚወጣ ወፍጮውን የነካ የሁሉን እንጀራ እንደነካ ይቆጠር ነበር። ጀርመኖች ዛሬም ለሰልፍና ለወረፋ የሚጠቀሙበት «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይፈጫል» የሚለው ብሂል በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረ የሕግ አንቀጽ ነው። ባላባትም ሆነ ድኻ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ተራውን እንዲጠብቅ ያስገድድ ነበር።

ባለወፍጮው ግን ይጠረጠር ነበር። ገበሬው ጆንያውን አሸክሞ ይመጣል፤ እህሉ ከላይ ወደ ድንጋዮቹ መካከል ሲፈስ ያያል፤ ከታች ዱቄት ሆኖ ሲወጣም ያያል። መሐል ላይ የሚሆነውን ግን ማንም አያየውም። ዱቄት በአየር ይበናል፤ በድንጋዮቹ ዙሪያ ይቀራል፤ ሲመዘንም ከገባው እህል ይቀንሳል። ባለወፍጮው የድካሙን ዋጋ የሚወስደው በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት ሲሆን፣ በብዙ አካባቢ ድርሻው ከ16 እጅ አንድ እጅ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ከ16 ቁና አንድ ቁና። መስፈሪያውን የሚይዘው ራሱ ባለወፍጮው በመሆኑ፣ ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ የጎደለው እህል በድንጋዩ ላይ ይቅር ወይም በባለወፍጮው ጎተራ ይግባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የባለወፍጮው ከብቶች ሲደልቡ «የእኛን እህል በልተው ነው» ይባል ነበር።

ጥርጣሬውን ያባባሰው ሌላ ወፍጮ መምረጥ አለመቻሉ ነው። በብዙ ቦታ ገበሬው በጌታው ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ግዴታ ነበረበት፤ በሰሜን ጀርመን የነበረችው የፕሩሲያ መንግሥት ይህን ግዴታ የሻረችው በ1810 ነው። እንግዲህ አማራጭ የሌለው ሰው ብሶቱን በጌታው ላይ ማሰማት ስለማይችል፣ በቅርብ በሚያገኘው በባለወፍጮው ላይ ያሳድረው ነበር። በእኔ እምነት ባለወፍጮዎች ከጥፋታቸው በላይ ተወቅሰዋል።

ወቀሳው በቃል ብቻ አልቀረም። በብዙ አካባቢዎች የባለወፍጮ ልጆች ወደ ሙያ ማኅበራት እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፤ በአንዳንድ ቦታዎች ለስቅላት የሚያገለግለውን መሰላል የማቅረብ ግዴታም በባለወፍጮው ላይ ተጥሎ ነበር። በዚያ ዘመን የጀርመንን አገሮች ያቀፈው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በ1548 እና እንደገና በ1577 ባወጣቸው ድንጋጌዎች የባለወፍጮዎችን፣ የተልባ እግር ሸማኔዎችን፣ የእረኞችንና የመሳሰሉትን ልጆች ማኅበራቱ እንዲቀበሉ አዘዘ። ያው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መውጣቱ የመጀመሪያው በሚገባ እንዳልተፈጸመ ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሙያው ከባድ ዕውቀት የሚጠይቅ ነበር። ባለወፍጮው ውሃውን የሚገድብና የሚለቅ፣ የእንጨት ጥርሶችን የሚቀርጽ አናጢም ነበር። ድንጋዩ በሥራ ብዛት ሲለዝብ የላይኛውን በገመድና በእንጨት ማንሻ አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ በሹል መዶሻ ይወቅረዋል። ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱት መስመሮች ጥልቀታቸው ካልተስተካከለ ዱቄቱ ይግላል፤ የጋለ ዱቄት ደግሞ ይበላሻል። ወፍጮ ሲወቀር ያየ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል ዓይንና ትዕግሥት እንደሚፈልግ ይረዳል።

ዛሬ በጀርመን ስንት ሙለሮች አሉ?

«ሙለር» በጀርመን እጅግ የተለመደው የቤተሰብ ስም ነው። ከ100 ነዋሪዎች አንዱ ለመባል በሚጠጋ መጠን ስለሚገኝ፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር የተሸካሚዎቹ ቁጥር በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ከእሱ ቀጥለው ሽሚት፣ ሽናይደር እና ፊሸር ይመጣሉ፤ ሦስቱም የሙያ ስሞች ሲሆኑ ቀጥቃጭ፣ ልብስ ሰፊ እና ዓሣ አጥማጅ ማለት ናቸው። በስዊዘርላንድም «ሙለር» አንደኛ ነው። በኦስትሪያ ከመጀመሪያዎቹ አሥር አንዱ ቢሆንም፣ በዚያ የሚመሩት «ግሩበር» እና «ሁበር» ናቸው።

ስሙ የሚበዛው በየትኛው አካባቢ ነው?

በመካከለኛውና በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በተለይም በዛርላንድ፣ በራይንላንድ ፋልስ፣ በሄሰን እና በቱሪንገን ይበዛል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄዱ «ማየር» ይበልጠዋል፤ ባሕሩ ሲቀርብ ደግሞ ቦታውን ለ«ሞለር» ይለቃል። በደቡብ ምሥራቅ ባቫሪያም «ሁበር» እና «ማየር» ይቀድሙታል። ከጀርመን ድንበር ውጭ በፈረንሳይዋ አልዛስ እና በሉክሰምበርግ በጣም የተለመደ ሲሆን፣ በሁለቱም አገር ከ«ዩ» ፊደል በላይ የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች (ü) አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም።

«ሞለር»፣ «ሚለር»፣ «ሙልነር» እና «ሞሊቶር» ያው አንድ ስም ናቸው?

ምንጫቸው አንድ ነው፤ የተለያዩት በአነጋገር ዘዬና በጸሐፊው ምርጫ ነው። «ሞለር» በሰሜን ጀርመን፣ በሐምቡርግ፣ በሽሌስቪሽ ሆልሽታይን እና በመክለንቡርግ በሚነገረው የቆላው ጀርመንኛ የተያዘ ቅርጽ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ በዴንማርክም ከተለመዱት ስሞች አንዱ ሆኗል። «ሚለር» በባቫሪያና በሽቫበን አነጋገር ከንፈር ሳይሞጠሙጥ የሚጠራው ቅርጽ ነው። «ሙልነር» የጥንቱን «ን» ሳይጥል የቆየ ሲሆን የሚገኘው በኦስትሪያና በባቫሪያ ነው። «ሞሊቶር» እና «ሚሊዩስ» ግን የምሁራን ሥራ ናቸው፤ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተማሩ ሰዎች ስማቸውን ወደ ላቲን መመለስ ይወዱ ስለነበር፣ «ሙለር» ሆኖ የተወለደ ቄስ ወይም መምህር «ሞሊቶር» ሆኖ ይሞት ነበር። ዝነኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሬጊዮሞንታኑስም (ከ1436 እስከ 1476) የተወለደው ዮሐንስ ሙለር ሆኖ ነው፤ እሱ ግን የተረጐመው ሙያውን ሳይሆን «የንጉሥ ተራራ» የሚል ትርጉም ያላትን የትውልድ ከተማውን የኮኒግስበርግን ስም ነው።

በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ሙያ ተመሳሳይ ስም ወልዷል። የሆላንዱ «ሙልደር»፣ የጣሊያኑ «ሞሊናሪ» እና የሀንጋሪው «ሞልናር» ሁሉም ባለወፍጮ ማለት ናቸው።

በአሜሪካ ያሉት ሚለሮች ጀርመናውያን ናቸው?

ከፊሎቹ ብቻ። በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ «ሚለር» ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ተሸካሚዎች ይዞ በሰባተኛ ደረጃ ተቀምጧል። ከእነዚህ መካከል ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ፔንስልቬንያና ወደ ሌሎች ግዛቶች የፈለሱ የጀርመን ሙለሮች ዘሮችም ይገኙበታል። ለጀርመናዊው ለውጡ ቀላል ነበር፤ ድምፁ ቅርብ፣ ትርጉሙም ያው ነውና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በተለይ አሜሪካ በ1917 ከገባችበት በኋላ፣ በጀርመኖች ላይ የተነሣው ጥላቻ ስማቸውን ያልለወጡትንም እንዲለውጡ ገፋፍቷቸዋል።

በኒው ዮርክ ወደብ የስደተኞች መቀበያ ስለነበረችው ኤሊስ ደሴት «ስማችንን የለወጡብን በዚያ ያሉ ሹሞች ናቸው» የሚለው የተለመደ ትረካ ግን ትክክል አይደለም። ሹሞቹ ይሠሩ የነበረው መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተጽፎ በመጣ ዝርዝር ሲሆን፣ ስም የሚለወጠው በኋላ፣ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት፣ በራሱ በስደተኛው ፈቃድ ነበር።

«ሙለር» የአይሁድ ስም ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ግን ከአይሁድ ቤተሰብ አይደሉም። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1787 ኦስትሪያን ባካተተው በሀብስቡርግ ግዛት ያሉ አይሁድ ቋሚ የጀርመንኛ ስም እንዲይዙ ባዘዘ ጊዜ፣ ፕሩሲያም በ1812 ተመሳሳይ ሕግ ባወጣች ጊዜ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን የተለመደ ስም ይዘዋል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ሰው አለ። በ1846 ዛሬ በፖላንድና በዩክሬን በተከፈለችው በጋሊሲያ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ዳቪድ ሃይንሪሽ ሙለር በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቴዎዶር ቤንት በ1893 ከአክሱምና ከየሓ የድንጋይ ጽሑፎችን ቅጂ አንሥቶ ሲመለስ፣ አንብቦ የተረጐማቸውና በ1894 በሰፊው ያሳተማቸው እሱ ነው። የግዕዝንና የሳባን ጽሑፎች ጥናት የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ዛሬም ይጠቅሱታል።

ሁለት ሙለሮች ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ስሙ በሺህ በሚቆጠሩ መንደሮች ለየብቻው ስለወጣ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሙለሮች እንኳ ምንም የደም ትስስር ላይኖራቸው ይችላል። በአንድ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል «ወይዘሮ ሙለር» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሴቶች እኩል ተነሥተው፣ ፈገግ ብለው እየተያዩ ነርሷ የልደት ቀን እስክትጠይቅ ሲጠብቁ ተመልክቻለሁ።

ከዚህ የተነሣ ሙለሮች ራሳቸውን የሚለዩበት ልማድ አላቸው። በጀርመን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስማቸው ለሚመሳሰል አባላት የመጡበት ቦታ ስም ይጨመርላቸዋል። «ማኅበራዊ የገበያ ኢኮኖሚ» የሚለውን ስያሜ ያወጡት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ሙለር አርማክ ይባሉ ነበር። በ1882 አዲስ የወይን ዝርያ ያዳቀለው ስዊዘርላንዳዊው ሄርማን ሙለርም ከተወለደበት ከቱርጋው ግዛት ጋር ተጣምሮ ይጠራ ስለነበር ወይኑ ዛሬ «ሙለር ቱርጋው» ይባላል። የጀርመን የስም ለውጥ ደንብም ስሙ ከመብዛቱ የተነሣ የሚቸገር ሰው እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ በጀርመን ስም መለወጥ በቀላሉ የማይፈቀድ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በስሙ የሚታወቁ ሰዎች እነማን ናቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የተወሰኑትን ብቻ እጠቅሳለሁ። ገርድ ሙለር ለምዕራብ ጀርመን በ62 ጨዋታዎች 68 ግቦችን አስቆጥሮ በ1974 የዓለም ዋንጫን ያነሣ አጥቂ ነው። ዝናው ብራዚል ድረስ ከመድረሱ የተነሣ አንድ የብራዚል ተጫዋች «ሙለር» በሚል ቅጽል ስም ታውቋል። ቶማስ ሙለር በ2014 ዋንጫውን ካነሡት አንዱ ነው። ሄርማን ሙለር በ1920 እና ከ1928 እስከ 1930 የጀርመን መራሔ መንግሥት ነበሩ። ሮማንያ ውስጥ ከጀርመንኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የተወለደችው ሄርታ ሙለር በ2009 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸላሚ ሆናለች። ለወባ መከላከያ በየቤቱ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 የደረሰበት ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሄርማን ሙለር ሲሆን፣ ለዚህም በ1948 ኖቤል ተሸልሟል።

ስሙ «ሙል» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል፣ ማለትም ከቆሻሻ ጋር ግንኙነት አለው?

የለውም። ጀርመንኛ ጀማሪዎች ቆሻሻ መጣያ ላይ ይህን ቃል አይተው ከስሙ ጋር ሲያያይዙት ይሰማል። «ሙል» የመጣው ማድቀቅ የሚል ትርጉም ካለው የቆየ ግስ ስለሆነ ከመፍጨት ጋር ሩቅ ዝምድና አለው፤ የቤተሰብ ስሙ ግን ከእሱ አልወጣም።

ሁሉም ሙለሮች የሚጋሩት የቤተሰብ ዓርማ አለ?

የለም። ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ የተወሰነ ቤተሰብ እንጂ ለስም አይደለም። የወፍጮ መንኰራኵር ወይም ግማሹ የተሣለባቸው ብዙ የሙለር ዓርማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ግን የአንድ ሐረግ ነው። «የሙለሮች ዓርማ» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠውን መግዛት የሌላን ቤተሰብ ማኅተም እንደመግዛት ስለሆነ አልመክርም።

ስሙን በትክክል እንዴት ማንበብና በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?

የመጀመሪያው አናባቢ በአማርኛ የለም። ምላስን «ኢ» እንደሚል ሰው አድርጎ ከንፈርን «ኡ» እንደሚል ሰው መሞጥሞጥ ያስፈልጋል። የመጨረሻው «ር» ደግሞ በጀርመኖች አፍ ላይ ስለማይሰማ ቃሉ ወደ «ላ» ይጠጋል። በአማርኛ የተለመደው «ሙለር» ስለሆነ እሱን ይዞ መሄድ ይሻላል።

በላቲን ፊደል ሁለቱ ነጥቦች በማይገኙበት ቦታ ከ«ዩ» ቀጥሎ «ኢ» የተሰኘው ፊደል ይጨመራል (Mueller)። በጀርመን ፓስፖርት ግርጌ ባለው ማሽን በሚያነበው መስመር ላይ ስሙ የሚታየው በዚህ አጻጻፍ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ሲቆረጥም እሱኑ መከተል ይገባል፤ ነጥቡን ብቻ ጥሎ «ዩ» ብሎ መተው ሌላ ስም ያደርገዋል።

ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ሙለር የተባለ ሰው ቢያገቡ ስማቸው ይለወጣል?

በራሱ አይለወጥም። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1900 ሥራ ላይ ሲውል ሚስት የባሏን ስም እንድትይዝ ያስገድድ ነበር፤ ከ1976 ጀምሮ ባልና ሚስት የሚስቲቱን ስም የጋራ አድርገው መምረጥ ቻሉ፤ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ መቆየት ይችላል። ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ሁለቱ ስሞቻቸውን አጣምረው የጋራ ስም እንዲያደርጉ፣ ልጆቻቸውም ጥምር ስም እንዲይዙ ይፈቅዳል።

በእኛ ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትቀር፣ ብዙዎች ለውጡ ሲቀርብላቸው ይጨነቃሉ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአባት ስም በጀርመን መዝገብ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ስለሚገባ ነው። ልጅ ሲወለድ የአያት ስም ለልጁ ቋሚ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። የጀርመን ሕግ ሥርዓቱ ለሚለያይ ሰው የትኛው ስሙ መጠሪያ፣ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን በመግለጫ እንዲመርጥ ስለሚፈቅድ፣ ከጋብቻው በፊት የክብር መዝገቡን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል።

የሙለር ቤተሰብን የዘር ሐረግ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ስሙ የተለመደ መሆኑ ፍለጋውን ስለሚያከብደው በስሙ ብቻ መጀመር ዋጋ የለውም፤ መጀመር ያለበት በመንደሩ ስም ነው። ከ1876 ወዲህ ያለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤቶችና በቤተ መዛግብት ይገኛል፤ በፕሩሲያ ደግሞ ከ1874 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያለውን የያዙት የአብያተ ክርስቲያናት መዝገቦች ናቸው። የወንጌላውያኑ «አርኪዮን» በተባለው ድረ ገጽ በክፍያ፣ የካቶሊኮቹ «ማትሪኩላ» በተባለው በነፃ ይታያሉ። በፍለጋው ላይ የአጻጻፉን ልዩነቶች ሁሉ መሞከር የግድ ነው።

ቅድመ አያቱ በእርግጥ ወፍጮ ይዞ የነበረ ከሆነ ግን ፈላጊው ዕድለኛ ነው። ወፍጮ ግብር የሚከፈልበትና ስለ ውሃ የሚካሰሱበት ንብረት ስለነበር፣ የኪራይ ውሉና የፍርድ ቤት ክርክሩ ከተራ ገበሬ ቤት ይልቅ በብዛት ተጽፎ ቀርቷል። ምዕራብ ጀርመን በ1957 ባወጣችው ሕግ ብዙ ትንንሽ ወፍጮዎች ካሣ ተከፍሏቸው ተዘግተዋል፤ የተረፉት በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ፣ በጀርመን የወፍጮ ቀን፣ ለጎብኚ ይከፈታሉ። በአሮጌ ወፍጮ ቤት በር ላይ ካለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ሁለት የስም መነሻ ፊደላት፣ ዓመቱና በመካከላቸው ትንሽ መንኰራኵር ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ያን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው።